ካምቢዮ ዘይት የቀየርኩባት ቅዳሜ

እኔ ስጨነቅ እጄ አያርፍም። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ይጸልያል ወይም ተሸፋፍኖ ይተኛል፤ እኔ ደኅና የተቀመጠ ነገር አንሥቼ እፈታለሁ። አባታችን ታመው በተኙ ሰሞን የግድግዳውን ሰዓት ፈትቼ መልሶ መግጠሙ አቅቶኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «በማግሥቱ ትልቅ ቀጠሮ የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ መኪና ሥር ይገባል?» እንዳትሉኝ ነው። ብትሉኝም መልስ የለኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዓይነት ነው።

ስሜ ስማቸው ይባላል፤ ያን ጊዜ የምኖረው ቢቸና ነበር። ሞባይል በከተማው ገና ብርቅ ነበር፤ ወደ ሞጣ የሚወስደውም መንገድ ጠጠርና አቧራ። አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነበረችኝ፤ እህልና ሸቀጥ እጭንባት ነበር። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ፣ እኔም ድቁናዬን ትቼ ሾፌር ስለሆንኩ፣ የሰፈሩ ሰው «የመሪጌታው ልጅ ጌታውን ትቶ መሪውን ያዘ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አባትና እናታችን ተከታትለው ካረፉ በኋላ በቤቱ የቀረነው እኔና ታናሽ እህቴ ማስተዋል ብቻ ነን። የቤቱ አዛዥ እኔ ነበርኩ። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ጭነት ይዤ ሞጣ ስመላለስ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደድኩ። መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። ራሴን ሳያመኝ ስንት ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን እንደገዛሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እሷም ወደደችኝ። ችግሩ አባቷ ነበሩ፤ በቤተ ክህነት ያደጉ፣ ከተናገሩ የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቀድሞኝ ሽማግሌ ልኮባቸዋል። ትርንጎ ለምና አስለምና ያገኘችልኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር፦ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። «በዚያ ሰዓት ደጄ ከመጡ እሰማቸዋለሁ፤ ካልመጡ ግን ቃሌን ለፊተኛው እሰጣለሁ» ብለዋል።

ሦስት ሽማግሌ ለመንኩ። አውራቸው የአባቴ ወዳጅ አባ ጥሩነህ ነበሩ። ሊነጋጋ ሲል ተነሥተን በኔው መኪና እንድንሄድ ተስማማን። ለምን በአውቶቡስ አልሄዱም እንዳትሉኝ፤ ወደ ሞጣ የሚያልፈው አውቶቡስ ቢቸና የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ሞልቶ። በከተማው የማውቃቸው ሁለት የጭነት መኪኖችም በዚያ ሳምንት ርቀው ሄደው ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ፒክአፗ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ መፋጨት ጀመረች። ክርር ትልና ትገባለች። የከተማችን መካኒክ «የካምቢዮ ዘይቷ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የፊተኛው ባለቤት ቀይሮት እንደሁ አላውቅም፤ እኔ ግን አልቀየርኩትም። ያ መካኒክ ዓርብ ዕለት ለቅሶ ደርሶበት ደብረ ማርቆስ ሄደ። እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ፣ እጄም ሥራ ፈለገ። ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁና ምን ያቅተኛል አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ።

«ካምቢዮ ዘይት ስጠኝ።»

«የቱን?» አለኝ ባለሱቁ።

«የቱ የቱ አለ?»

ሁለት ዓይነት አወጣ። «ይኼ ቀጠን ይላል። ይኼ ደግሞ ወፍራሙ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለዲፈረንሻል፣ ለኋላ ጎማዎቹ ማርሽ ነው የሚወስዱት።»

«የኔዋ ማርሽ ሲገባ ትጮኻለች።»

«እንግዲያ ወፍራሙን አድርግባት፤ ድምፅ ያፍናል።»

እኔም የፈለግሁት ድምፁ እንዲታፈን ነበር። ሽማግሌዎቼ ተቀምጠው ክርር ስትል ታየኝና አፈርኩ። ዘይት ስመርጥ ያሰብኩት ነገር ይኸው ብቻ ነው። ወፍራሙን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ በእኛ አገር ቀዳሚት ሰንበት ናት። አባቴ በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ እንጨት አይፈለጥም፣ ሚስማር አይመታም። እኔ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሥቼ አሞቅሁ፤ ዘይት ሲሞቅ ነው ደኅና የሚፈሰው። ከዚያ አራቱንም ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥቼ ታኮ አደረግሁበትና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዤ ከሥር ገባሁ።

«አያ፣ ዛሬ ሰንበት አይደለም እንዴ?» አለች ማስተዋል ከበረንዳው።

«በሬው ጉድጓድ ቢገባበት በሰንበት የማያወጣው ማነው ተብሎ ተጽፏል።»

«በሬውማ መቼ ገባ? የገባኸው አንተ ነህ።»

የታችኛውን ቡሎን ስፈታው ያለ ችግር ዞረልኝ፤ ጥቁር ዘይት እየሞቀ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ደስ አለኝ። ለክቼ አየሁት፤ ሁለት ሊትር አይሞላም። መካኒኩ ሁለት ሊትር ተኩል ትይዛለች ብሎኝ ነበርና ጎድሎባት ኖሯል የምትፋጨው አልኩ። ቡሎኑን ጠርጌ መልሼ አጠበቅሁት።

አሁን እዚህ ላይ ካምቢዮ ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ካምቢዮ የማርሹ ጥርሶች ያሉበት ሳጥን ነው፤ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ከታች ማፍሰሻ፣ ከጎኑ መሙያ። የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚፈታው መሙያውን ነው። መሙያው እንደሚፈታ ሳያረጋግጥ ጠብታ ዘይት አያፈስም። እኔ ዘይቱን ጨርሼ ካፈሰስሁ በኋላ ወደ መሙያው ቡሎን ዞርኩ፤ እሱም ንቅንቅ አልል አለኝ።

መጀመሪያ ትንሽ የጠበቀ መሰለኝ። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት። ቆየሁ፤ መቆየት ስለማልችል ብዙም አልቆየሁም። መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ በእግሬ ረገጥኩት። መፍቻው አመለጠኝና የእጄ ጣቶች ከሻንሲው ጋር ተጋጩ፤ ቆዳዬ ተላጠ። በመዶሻ መታሁት። ስድስት ሰዓት ሲሆን የቡሎኑ ራስ ማዕዘኑ ጠፍቶ ክብ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መፍቻ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ መልቀሙም ቀረብኝ።

ከሥር ወጥቼ ጎማው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘይት የሌለው ካምቢዮ ይዞ ሞጣ መሄድ አይታሰብም፤ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ጥርሱን ይበላል። ነገ ከቅዳሴ መልስ የትርንጎ አባት ደጃቸውን ያያሉ። ማንም የለም። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ የሌላ ሰው ናት። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ማስተዋል ውኃ በጆግ ይዛ መጣችና ደም የነካውን እጄን አጠበችልኝ።

«ጋሽ አለኸኝን ጥራቸው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ሰምተኸኛል።»

ጋሽ አለኸኝ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ የዚያን ጊዜውን እኔንም በዚያው ታውቁኛላችሁ። አለኸኝ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ብረት ሠሪ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ። የዙሪያው ገበሬ የሚያርሰው እሳቸው በሠሩት ብረት ነው፤ እሳቸውን ግን ቤቱ አያስገባም። «ቀጥቃጭ» ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል እያለም ያንሾካሹካል። እኔም እንዲህ ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ አለኸኝ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት የግቢያችንን የብረት በር የሠራው ልጃቸው ይርጋ ነው። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ማስተዋል ሻይ ስትሰጠው ሁለቱም ሲስቁ አየሁ፤ ነገሩ አላማረኝም። ወር ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች ደጃችን ላይ ቆሙ። ዱላቸውንና ጋቢያቸውን ሳይ ለምን እንደመጡ ገባኝ። ማስተዋል ገበያ ነበረች። ሽማግሌ እኮ ጠላትም ቢልከው ገብቶ ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ እሺ ወይም እንቢ ተብሎ ይሸኛል። እኔ አልከፈትኩላቸውም። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ እስኪሄዱ ድረስ አየኋቸው። ከረፋድ እስከ ሰባት ሰዓት ቆሙ። ከሦስቱ አንዱ ራሳቸው ጋሽ አለኸኝ ነበሩ።

እንግዲህ ጥራቸው የተባልኩት እሳቸውን ነው።

ሄድኩ። ሮጥኩ ብል ይሻላል፤ ግን ቤታቸው አጠገብ ስደርስ ቀስ አልኩ። ወናፉ ተጣጥፎ፣ ምድጃው አመድ ለብሶ አገኘሁት። ጋሽ አለኸኝ ነጭ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ደኅና ዋሉ፣ ጋሽ አለኸኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?»

ነገርኳቸው። ዘይቱን፣ ቡሎኑን፣ ክብ የሆነውን ራሱን ነገርኳቸው።

«ዛሬ ብረት አልነካም» አሉ። «ቀዳሚት ናት። ነገም ሰንበት ነው። ሰኞ በጠዋት እመጣልሃለሁ።»

የዘይት እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። ሃይማኖት የለውም የምንላቸው ሰው ሰንበት አክብረው ተቀምጠዋል፤ የመሪጌታው ልጅ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ውሎ መጥቷል።

«ሰኞማ አይሆንም፣ ጋሽ» አልኩ። «ነገ ጠዋት ሞጣ መድረስ አለባቸው።»

«እነማን?»

ጭነት ነው ልላቸው አሰብኩ። ውሸቱም አልመጣ አለኝ።

«ሽማግሌዎች» አልኩ። «ለኔ ሚስት የሚጠይቁ።»

አንድ ዶሮ በመካከላችን አልፋ ሄደች። እኔ እንድሰደብ ነበር የምጠብቀው፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ኋላ ጋሽ አለኸኝ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሰንበት የሚያከብር እጄ ነው። አፌ ይሠራል፤ እንሂድ።»

እሳቸው በዝግታ ይራመዳሉ፤ እኔ እየቀደምኩ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቤት ስንደርስ በሩን ከፍቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩና ዞር ስል ከኋላዬ የሉም። ውጭ፣ ልጃቸው የሠራው በር አጠገብ ቆመዋል።

«ምነው ጋሽ?»

«ግባ አልተባልኩም።»

«ይግቡ! ይግቡ እንጂ!» አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም፤ ይስማ አልኩ።

ገቡ። ማስተዋል ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ በርጩማ አመጣችላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ቀጥታ ወደ ሳፋው ሄዱ። ጭራሮ አንሥተው በጥቁሩ ዘይት ውስጥ ነከሩትና ወደ ፀሐይ አዞሩት። በጭራሮው ላይ ደቃቅ ወርቃማ ነገር አብለጨለጨ።

«ይኼ ብረት አይደለም» አሉ። «ነሐስ ነው። ማርሽ ከማርሽ ሲገጥም በመካከል ሆኖ የሚያስማማው ቀለበት ከነሐስ ነው የሚሠራው። ቀለበቱ እየተበላ ነው። አዲሱ ዘይትህ የታለ?»

አሳየኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ለማስተዋል ሰጧት። «አንብቢልኝ እስቲ ልጄ፤ አራት ነው አምስት?»

«ጂ ኤል አምስት ይላል» አለች።

«አሃ። ይርጋ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ጋራዥ ከገባ ወዲህ ነው ይህን የነገረኝ። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ብርቱ ዘይት ነሐስ ይበላል። ውፍረቱም ሌላ ነው፤ በጠዋት ብርድ ማርሹን አላስገባም ይልሃል። አራት የተጻፈበትን፣ ቀጠን ያለውን ነው የምትፈልግ። አሁን የቀየርከው መስሎህ ይህን ብትሞላው የቀረውን ቀለበት ትጨርሰው ነበር።»

«ቡሎኑ ሳይፈታስ ዘይቱ ምን ይሠራልኛል?»

«የማርሹ ዱላ ከጋቢናው ወለል ጋር በስንት ቡሎን ነው የታሰረው?»

«በአራት መሰለኝ።»

«ዱላውን ንቀለው። ሥሩ ካምቢዮው ራሱ ነው። በበር አልገባም ያለ በጣራ ይገባል።»

እመኑኝ፣ እጃቸውን ልስም እስኪቃጣኝ ደስ አለኝ። ዘይቱን ይዤ ወደ ሱቁ በረርኩ። ሱቁ ዝግ ነበር። ባለሱቁ ምሳ ገብቷል አሉኝ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩን ደበደብኩ። የጎረሰውን ሳይውጥ ወጣ።

«ምን ሆነሃል? ቤት ተቃጠለ?»

«ዘይቱን ቀይርልኝ። አራት የሚለውን።»

«ወፍራሙ ይሻላል ብዬህ!»

«አንተ ነህ ያልከው። ቁልፉን ይዘህ ና።»

ተመልሼ ዱላውን ነቀልኩት። ጋሽ አለኸኝ በመኪናው በር በኩል ቆመው «አቧራውን ጥረግ፣ አሸዋ አይግባበት፤ የጎማ ሽፋኑን እንዳትቀድ» እያሉ ያዙኛል። የውኃ ፕላስቲክ አንገት ቆርጬ፣ ቀጭን ቱቦ ሰክቼበት፣ ሁለት ሊትር ተኩሉን ለክቼ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ዘይቱ እንደ ማር ነው የሚወርደው። አንድ እጄ ፕላስቲኩን፣ አንድ እጄ ቱቦውን ይዟል። ቶሎ ላፈሰው ስል «ቀስ» ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ሰዓት አላየሁም።

በዚያ መሐል ነው የጠየቁኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስማቸው።»

«የድካምዎንማ እከፍላለሁ፣ ጋሽ።»

«ስለ ክፍያ አላነሣሁም። ካቻምና አንድ ቃል ልኬብህ ነበር። መልሱን አልሰማሁም። ምን ነበር?»

ዘይቱ ይወርዳል። ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል፤ የምፈታው ነገር የለም፣ የምሄድበትም የለም። ማስተዋል በረንዳው ላይ ጆጉን ይዛ ቆማለች። እንደምትሰማ አውቃለሁ። ቤት አልነበርኩም ብል ማንም አያጋልጠኝም ነበር።

«አይቻችኋለሁ» አልኩ። «ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሄዳችሁት። መልሱ እንቢ ነበር። እንቢ ለማለት እንኳ በሬን ልከፍትላችሁ አልወደድኩም። ጎረቤት እንዳያይ ፈራሁ። በድያችኋለሁ።»

«ሦስተኛ ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው አጥቼ ነው እኔው ራሴ የመጣሁት» አሉ። «አባት ለልጁ ሽማግሌ አይሆንም፤ አውቅ ነበር። ሚስቴ እስከ ዛሬ ‹ቤት አልነበሩም ይሆናል› ትላለች። ዛሬ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ዘይቱን ተመልከት፣ እየፈሰሰብህ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የባሰውን ያደረግሁት። ከእፍረቴ ቶሎ ለመውጣት፣ አንድ ነገር ሰጥቼ ለመገላገል፣ «አሁንም ቢሆን ይላኩ! እሺ እላለሁ!» አልኩ። እህቴን ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት።

ጋሽ አለኸኝ መሬት መሬት አዩ። «ይርጋማ አምና አገባ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅም ወልዷል።»

ማስተዋል ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች።

ዘይቱ አለቀ። ዱላውን ገጠምኩ፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገባሁ። በሩን ከፍቼ ወደ መንገድ አወጣኋትና እስከ ገበያው ደርሼ ተመለስኩ። ሦስተኛው ትንሽ ቢያንገራግርም ያ ክርርታ ቀርቷል። ስመለስ ማስተዋል ፊቷን ታጥባ ወጥታ ነበር፤ በአንድ ትሪ ምሳ አቅርባ ጋሽ አለኸኝን አስቀምጣለች። እኔም እጄን ታጥቤ ከአንድ ትሪ በላሁ። ሲሄዱ እስከ መንገዱ ሸኘናቸው። ክፍያ አልተቀበሉኝም።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቼን ጭኜ ወጣሁ። ደብረ ወርቅን አለፍን። መኪናዋ ታዘዘችልኝ፤ የማልታዘዘው እኔ ነበርኩ፤ ልቤ አንዴ ሞጣ፣ አንዴ ቢቸና ይሄዳል። ሞጣ ስንደርስ ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ነበር። ሽማግሌዎቹን ከደጁ አውርጄ እኔ ራቅ ብዬ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። በሩ ቶሎ አልተከፈተም። አባ ጥሩነህ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁለቱ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ግን መሪውን ጨብጬ ከረፋድ እስከ ሰባት ሰዓት ስንት አሥር ደቂቃ እንዳለ መቁጠር ጀመርኩ፤ መጨረስ አልቻልኩም። ኋላ በሩ ተከፈተና «ይግቡ አባቶቼ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ለትርንጎ ነው እል ነበር።

አባቷ እሺ አሉ።

ለማስተዋል ልነግራት እየቸኮልኩ ተመለስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እሺ አሉ» አልኳት።

«እንኳን ደስ አለህ፣ አያ» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። ሳመችኝ።

«የትናንቱን ሰምተሻል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለጋሽ አለኸኝ የጠየቁህን መለስክላቸው። ደግ አደረግህ።» ልብሱን ማጣጠፍ ቀጠለች። «እሳቸው ሁለት ዓመት የኖሩት መልሱን አጥተው ነው። ለእኔ ግን ጥያቄውን ራሱን የነገረኝ የለም። ሽማግሌ ደጃችን ላይ መቆሙን የሰማሁት በማግሥቱ፣ ከጎረቤት ነው። ሲከለክለኝም ሲፈቅድልኝም አንድም ቀን ወንድሜ አልጠየቀኝም።»

«ያን ጊዜ ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪ ነበር?» አልኳት።

እጇን አቁማ አየችኝ።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አንተም ጠብቅ» አለችኝ።

ይኸው ነው የገጠመኝ። አንባቢዎቼ፣ ስለ መኪናው ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ፍቱ፤ ዘይት ስትገዙ ድምፅ ያፍናል የሚላችሁን ትታችሁ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የቀረውን እንዲህ ብላችሁ ኑሩ ለማለት ግን ድፍረቱ የለኝም። እኔና ትርንጎ ሁለት ሴት ልጆች ወለድን። በሠርጋችን ዕለት ጋሽ አለኸኝን ከአባቶች መካከል አስቀመጥናቸው፤ ሁለት ዘመዶቼ ተነሥተው ሄዱ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አያነጋግረኝም። ደጄን አንኳኩቶ የቆመ ሰው ካለ፣ ለማኝም ይሁን ግብር ሰብሳቢ፣ ሮጬ እከፍታለሁ። ሚስቴ በዚህ አመሌ ትስቅብኛለች። ልጆቼንም ከጫማቸው ቀለም ጀምሮ ምርጫቸውን እጠይቃቸዋለሁ፤ መሰልቸት ጀምረዋል።

ማስተዋል በዚያው ዓመት ቢቸናን ትታ ሞጣ ገባች፤ ትርንጎ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አጠገብ የልብስ ስፌት ከፈተች። አግብታ የነበረ ጊዜ አለ፤ ተፋታለች። ይርጋን ትወደው እንደነበር ወይስ ሻይ ሰጥታው ብቻ እንደሳቀች አላውቅም። እሺ ትል እንደነበር ወይም እኔው እንዳልኩት እንቢ ትል እንደነበርም አላውቅም። ሁለቱም እኩል ያሳድዱኛል፤ እንቢ ብትል ኖሮስ ያን ሁሉ ያደረግሁት ለምን ነበር?

በየዓመቱ አንዴ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ፋሲካ እንኳ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ «ማስተዋል፣ ያቺን ነገር እስከ መቼ?» አልኳት።

መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ምነው አያ፣ ቸኮልክ እንዴ?» አለችኝ።